የአሰልጣኙ ቀኝ እግር

ሰውየውን ሁሉም ሰው ፍሬኑ ነበር የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና መንጃ ፈቃዱ ብቻ ናቸው። ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። የሚያስተምርባት መኪና ታዲያ እንደሌላው መኪና አይደለችም፤ በተማሪው እግር ሥር ካለው ፍሬን ሌላ፣ ከጎን በሚቀመጠው አሰልጣኝ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን ተገጥሞላታል። ተማሪው ቢደነግጥ፣ ነዳጅና ፍሬን ቢምታታበት፣ አሰልጣኙ ከጎኑ ሆኖ ይረግጣል፤ መኪናዋ ቀጥ ትላለች፤ ሁሉም በሰላም ወደየቤቱ ይገባል።

እንግዲህ ይቺን ሁለተኛ ፍሬን ልብ በሉልኝ። ጣጣው ሁሉ የመጣው በእሷ ነው።

ፍሬኑ ሆደ ቡቡ ሰው ነበር። ድመት መንገድ ዳር ካየ ይረግጣል። ድመቷ ተኝታም ከሆነ፣ ልትነቃ ትችላለች ብሎ ይረግጣል። ቅጠል ወድቆ እንኳ ረግጦ ያውቃል። እግሩ ከሐሳቡ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። እሱ ዘንድ የተማረ ሰው አንድም ቀን ከምንም ነገር ጋር አይጋጭም፤ አንድም ቀን ግን በገዛ እግሩ ፍሬን አይዝም። በፈተና ቀን በፍሬኑ ቦታ ፈታኙ ይቀመጣል። ፈታኝ ደግሞ አይረግጥም፣ ዝም ብሎ ያያል እንጂ። የፍሬኑ ተማሪዎች መኪናዋ እንደልማዷ ራሷ ትቆማለች ብለው እየጠበቁ፣ ፈገግ እንዳሉ፣ ሜዳው ዳር ከተከመረው አሮጌ ጎማ ውስጥ ይገባሉ።

አንድ ጠዋት የማሰልጠኛው ባለቤት ቢሮዋ አስጠራችው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለችው።

«ቆሜ ልስማው።»

«ይቀመጡ እንጂ! ወንበሩ የትም አይሄድ፣ እግርዎን ምን ያስወጥረዋል?»

ፍሬኑ ተቀመጠ። እውነትም እግሩ ወለሉን ተጭኖ ነበር።

«እኔ እርስዎን እንደ አባቴ ነው የማይዎት» አለች። «ግን ተማሪዎ ሁሉ ወደቀብኝ። ሰው ማሰልጠኛዬን ምን እያለ እንደሚጠራው ያውቃሉ? መዋለ ሕፃናት!»

«እኔ ዘንድ አንድ ሰው ተጎድቶ አያውቅም።»

«አንድ ሰውም ነድቶ አያውቅም!» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ቀጥለው የሚመጡት ተማሪዎችዎ ካለፉ አለፉ። ካልሆነ ግን የመኪናዋን ቁልፍ ይመልሱልኝና በር ላይ ሆነው እንግዳ ይቀበሉልኝ። ጃንጥላ አሰናዳልዎታለሁ።»

ፍሬኑ ከቢሮ ወጥቶ መኪናዋ ጋ ሄደና ከጎን ያለውን ወንበሩን በመስኮት አየው። ለሌላው ሰው ያ ወንበር ወንበር ነው። እሱ ግን ሰው መጀመሪያ መኪና ሲያስነሣ ፊቱ ላይ የምትመጣዋን ነገር እያየ ነው ያረጀው። ኮስታራው ነጋዴም፣ አሥር የወለደችውም፣ ሁሉም መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ለአንድ አፍታ እንደ አዲስ ልጅ ይሆናሉ። ያችን አፍታ ከበር ላይ ሆኖ፣ ከጃንጥላ ሥር፣ ማን ያያታል?

ቀጥለው የመጡት ተማሪዎች ሁለት የሃይማኖት ሰዎች ሆኑ። ከአንድ ጸሎት ቤት ናቸው። አንደኛው ወፍራም ድምፅና ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሽማግሌ ሰባኪ ናቸው። ሌላው ቀጭን መምህር ነው፤ ልጅ እያለ ሰባኪው ናቸው ያስተማሩት። ጸሎት ቤታቸው የታመመ የሚጠየቅባት መኪና አላት። ሾፌሩ ዓይኑ ደክሞ ሥራ ሲተው የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች «ሁለታችሁም ተማሩና በተራ ንዱ» ብለው ላኳቸው። አንዱ ብቻ ከተማረ ሌላው አብሮት እንደማይሳፈር ያውቁታላ!

ጠባቸው የቆየ ነው። አንድ ፈጣሪ ብቻ መኖሩን ሁለቱም አይጠራጠሩም፤ የማይስማሙት ያ አንዱ ምን እንደሚሠራ ነው። ሰባኪው፣ ቅጠሉን የሚያወዛውዘው እሱ ነው፣ ሰው አፍንጫውን ሲያክ ጣቱን የሚያነሣለት እንኳ እሱ ራሱ ነው ይላሉ። መምህሩ ደግሞ ፈጣሪ ፍጹም ነው፣ ፍጹም የሆነ አይለወጥም፣ የማይለወጥ አይቸኩልም፣ ሁሉን ከጥንት አሰናድቶ ጨርሷል፣ የማንንም አፍንጫ ሲጠብቅ አይውልም ባይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሰባኪው መሪ ጨበጡ፣ መምህሩ ከኋላ ተቀመጠ። መኪናዋ ገና ከመነሣቷ ሰባኪው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«አባቴ! መሪውን ይያዙት!» አለ ፍሬኑ።

«እኔ ማን ነኝና ልያዘው፣ ልጄ? የሚነዳው እሱ ነው።»

«እሱ ይንዳ፣ እርስዎ ይያዙ!»

«እሱ መሪ አይዝም፣ አባቴ» አለ መምህሩ ከኋላ። «እጅ እኮ የለውም።»

«እጅ የለውም ይለኛል! አንተን ታዲያ ማን ጠፍጥፎ ሠራህ?»

«አነጋገር ነው እንጂ...»

«አሃ፣ በአነጋገር ነው የተጠፈጠፍከው! ለካ ለዚህ ነው የቀጠንከው!»

መኪናዋ ወደ አጥሩ ስታዘነብል ፍሬኑ ረገጠ። ሦስቱም ወደ ፊት ተወርውረው ተመለሱ።

የመምህሩ ተራ ደረሰ። እሱ ደግሞ መሪውን እንደ መጽሐፍ በጥንቃቄ ያዘና በስፖኪዮ ወደ ኋላ አላይም አለ።

«ለምን?» አለ ፍሬኑ።

«ያለፈው አልፏል። ባየው አይለወጥም።»

«ከኋላህ የሚመጣው የጭነት መኪና እኮ ገና አላለፈም!»

ጥሩምባ ንፋ ሲባልም እምቢ አለ። ጥሩምባ መንፋት ልመና ነው፣ የሚሆነው ሳይለመንም ይሆናል አለ። መንገድ ላይ ወጥተው ቀይ መብራት ሲይዛቸው ሰባኪው ከኋላ ወንበር አንገታቸውን አስግገው «አረንጓዴ አድርግልን፣ አረንጓዴ አድርግልን» ማለት ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

«አየህ?» አሉ ሰባኪው።

«ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚበራው፣ አባቴ።»

«ሰዓቱን ማን አመጣው?»

መኪናዋ ገና እንደተንቀሳቀሰች መምህሩ መልሱን ለመናገር ፊቱን ወደ ኋላ አዞረ። ፍሬኑ ረገጠ። መኪናዋ ቀጥ አለች። መምህሩ ወደ ገዛ እግሩ ተመለከተና ገረጣ።

«እኔ አልያዝኩም» አለ። «ማን ያዘ?»

«እኔ» አለ ፍሬኑ።

ሰባኪው ከኋላ ሆነው እጃቸውን አጨበጨቡ። ኋላ የቆሙት መኪኖች ጥሩምባቸውን ያንባርቁታል፤ እሳቸው ምን ተዳቸው! «ይኸው! ይኸው አገኘሁህ! ሳትለምነው፣ ሳታውቀው፣ እግሩን ልኮ አተረፈህ! ፈጣሪ ማለት እንዲህ ነው!»

መምህሩ ግን የፍሬኑን እግር አተኩሮ አየው። «ቆይ» አለ። «እግሩ ሁልጊዜ ፍሬኑ ላይ ነው? ወይስ ሲያስፈልግ ነው የሚያሳርፈው? ሁልጊዜ ከሆነ መኪናዋ አትሄድም ነበር። ሲያስፈልግ ከሆነ ደግሞ አሁን ሐሳቡን ለወጠ ማለት ነው። ሐሳቡን የሚለውጥ ፍጹም አይደለም።»

«ፍጹም ነኝ መች አልኩ?» አለ ፍሬኑ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ስለ እርስዎ አይደለም የምናወራው።»

«እግሩ የኔ ነው እኮ!»

ከዚያ ቀን ወዲያ መንገዱን የሚያይ ጠፋ። የሚነዳውም ከኋላ የተቀመጠውም ዓይኑ በፍሬኑ እግር ላይ ነው። «አሁን ነካው!» «አልነካውም፣ አጠገቡ ነው!» «አጠገቡ ከሆነ ሊነካው አስቧል ማለት ነው!» ፍሬኑ እግሩን ሲያሳክከው እንኳ ማከክ ፈራ።

ወሬው ጸሎት ቤቱ ገባ። በማግሥቱ ምእመናን የልምምዱ ሜዳ ዳር ወንበር ይዘው መጡ። በሣልስቱ ጃንጥላም ይዘው መጡ። ከዚያ ለሁለት ተከፈሉ፤ «እግሩ ፍሬን ላይ ነው» የሚሉት በቀኝ፣ «እግሩ ወለል ላይ ነው» የሚሉት በግራ ተቀመጡ። አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ሜዳው ላይ በደረቱ ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ሲያጮልቅ ተገኘ። ምን ልታይ ነው ቢሉት «ከታች የሚታይ ነገር ካለ ብዬ» አለ። የማሰልጠኛው ባለቤት ከቢሮዋ መስኮት ይህን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች።

በመጨረሻ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ንጹሕ ጨርቅ የለበሰ ትሪ ይዘው፣ ፍሬኑ ፊት ቆሙ።

«ወንድማችን፣ ጫማህን አውሰን» አለ የመጀመሪያው። «ለዛሬ ስብሰባ ብቻ ነው።»

«ሁለቱንም?»

«ቀኙን። ግራው አያከራክርም።»

ሰው አክብሮ የለመነውን እምቢ ማለት የት ለምዶ! ፍሬኑ አወለቀና ሰጠ። እሱም በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ እያነከሰ ተከትሏቸው ሄደ፤ ጫማውን ብቻውን መስደድ አላስቻለውም።

ጫማው በትሪው እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሰባኪው ሶሉን ገልብጠው አሳዩ፤ ከፊት በኩል አልቋል። «ተመልከቱ! ሲረግጥ ነው ያለቀው! ያላሰለሰ ጥበቃ!» አሉ። ቀኝ በኩል ያሉት አጨበጨቡ። መምህሩ ተነሥቶ «በእግር መሄድም ይጨርሳል፤ ሰውየው ቤቱ ሩቅ ነው» አለ። ግራ በኩል ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከበሩ አጠገብ አንዲት ዝምተኛ ልብስ ሰፊ ተነሣች። ሴትዮዋ ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም።

«እኔ ይቅር በሉኝና፣ ይህ ጫማ ጫማ ነው ለማለትም አልደፍርም» አለች። «ጫማ ስንል የምናውቀውን ጫማ ነው የምንለው። ይህኛው ግን እንደዚያ አይደለም። አይደለም ብዬም አልጨርሰውም።» ይህን አለችና ሄዳ በትሪው ጨርቅ ሸፈነችው። ጥቂት ሰዎች ወንበራቸውን አንሥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ከእሷ ጋር ተቀመጡ። ስለዚህ ሦስት ወገን ሆኑ።

ፍሬኑ እጁን አወጣ። «ጫማዬን ይዤ ብሄድስ?» አለ።

«ገና ነው፣ ወንድማችን» አሉት።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ አንዱ ጫማህስ?»

«ስብሰባ ላይ ነው።»

«ማን?»

«ጫማዬ።»

ነገሩን ሲያስረዳት በሳቅ ብዛት የያዘችውን አንሶላ ፊቷ ላይ ጣለች። «ይሄ እግር? ይሄ ጥፍሩን እኔ የምቆርጥለት እግር? ኧረ እኔን አይጠሩኝም ነበር! ብርድ ሲሆን የማን ጀርባ ላይ እንደሚለጠፍ እነግራቸው ነበር!» ከዚያ እሱ አብሯት እንዳልሳቀ ስታይ አንሶላውን አወረደች። «ምነው፣ የኔ ሰው?»

«እነዚህ ሰዎች ከወደቁ ወንበሬን አጣለሁ። እነሱ ደግሞ መንገዱን ትተው የሚያዩት እግሬን ነው። እግሬ እምቢ አለኝ፤ አትርገጥ ስለው ይረግጣል።»

«በር ላይ ብትቀመጥ ምን አለበት? ነፋሻ ነው።»

«ከበር ሆኜ የሰው ጀርባ ነው የማየው» አለ። እሷም የተጣጠፈውን አንሶላ እንደገና ዘርግታ ማጠፍ ጀመረች።

ጫማው ሲመለስ ፍሬኑ አላወቀውም። ከምእመናኑ መካከል ጫማ ሰፊ አለ፤ ሰውየው «እንዲህ ያለ ጫማ ሶሉ አልቆማ ለባለቤቱ አይመለስም» ብሎ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ሶል አበጅቶለት፣ ቀለምም ቀብቶ ነው የሰደደው። ፍሬኑ አንዱ እግሩ ከሌላው ከፍ ብሎ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ቤት መስሎ መኪናዋ ውስጥ ገባ።

ሰባኪው ይነዳሉ። ሜዳውን ዞረው ወደ በሩ ሲቃረቡ አንድ ሰውዬ ሲሚንቶ የሞላ ጋሪ እየገፋ ብቅ አለ። ፍሬኑ ረገጠ። ማለት፣ ሊረግጥ እግሩን ሰደደ፤ ያ ወፍራም ሶል ግን ከፍሬኑ መርገጫ ሥር ገብቶ ተሰነቀረ። ቢስበው አይወጣም፣ ቢጫነው አይጫንም። መኪናዋ ትሄዳለች።

«አባቴ!» ብሎ ጮኸ።

ሰባኪው መጀመሪያ ወደ ላይ አዩ። ቀጥለው እንደልማዳቸው ወደ ፍሬኑ እግር አዩ፤ እግሩ ተቀርቅሮ ይንፈራገጣል። ከዚያ ወደ ፊት አዩ። ምናልባት መኪና መማር ከጀመሩ ወዲህ ወደ ፊት ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ጋሪ ገፊው ፊቱ በላብ ወዝቷል፤ አፉ ተከፍቷል። ሰባኪው እግራቸውን አንሥተው ረገጡ።

መኪናዋ ከጋሪው ጫፍ በአንድ ክንድ ርቀት ቆመች። ጋሪ ገፊው ለመናገር የሚያሳፍር ስድብ ተሳደበና መንገዱን ቀጠለ።

«ማን ያዘ?» አሉ ሰባኪው በቀጭን ድምፅ።

«እርስዎ።»

«እኔ?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባቴ።»

ሰባኪው ጎንበስ ብለው የገዛ እግራቸውን አዩት፤ ገና ዛሬ የበቀለ ይመስል። ቆይተው «በእኔ እግር አድርጎ ያዘ ማለት ነው» አሉ።

«ወይም ከጥንት እንዲህ ሆኖ የተሰናዳ ነው» አለ መምህሩ ከኋላ።

«ወይም ጫማ ሰፊው ነው» አለ ፍሬኑ እግሩን ለማላቀቅ እየታገለ።

ሰባኪው መሪው ላይ ትንሽ ደገፍ ብለው ወደ ፍሬኑ ዞሩና «ልጄ» አሉት። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። በመጽሐፍ አትመልስልኝ፤ መጽሐፍ እኔም አለኝ። አንተ የምትወደን ስትረግጥልን ነው፣ ወይስ ሳትረግጥልን?»

ፍሬኑ እግሩን መጎተቱን ተወ። «እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ። «ስረግጥ በሕይወት ቤታችሁ ትገባላችሁ። ሳልረግጥ መንዳት ትማራላችሁ። እኔ ሁለቱንም ነው የምፈልገው። ሁለቱንም የሚያደርግ እግር ግን አልተሰጠኝም።»

ቤቱ እንደገባ ሚስቱ ወፍራሙን ሶል በቢላ ልታነሣለት ተነሣች። «ተዪው» አላት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያንን ጫማ አድርጎ እያነከሰ መኪናዋ ውስጥ ይገባል፤ እግሩ ይነሣል፣ ይሰነቀራል፣ ይቀራል። ፊቱን ላብ ያጠምቀዋል። ተማሪዎቹ እያጉረመረሙ፣ እየተጨቃጨቁ፣ በየገዛ እግራቸው መቆም ለመዱ። ምእመናኑ ግን ነገሩ ጭራሽ ባሰባቸው፤ የማይረግጠው አልችል ብሎ ነው ወይስ አልፈልግ ብሎ ነው የሚል አዲስ ክርክር ተነሥቶ አራተኛ ወገን ወጣ።

የፈተናው ቀን ሜዳው ዳር መቆሚያ አልተረፈም። የማሰልጠኛው ባለቤት እጇን አጣጥፋ ከፊት ቆማለች። ፈታኙ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የደፋ፣ ለሰላምታም የማይቸኩል ሰው ነው። ገብቶ በፍሬኑ ወንበር ተቀመጠ። ፍሬኑ ውጭ፣ ባዶ መሬት ላይ ቆመ።

መጀመሪያ ሰባኪው ነዱ። ለምልክት የተተከሉትን ጎማዎች ዞሩ፣ ሜዳው ጫፍ ካለው ዳገት ላይ ቆመው ተነሡ፣ ወደ ኋላ ሄደው መስመሩ ውስጥ ገቡ። ባያቸው ቁጥር ሊጋጩ የደረሱ የመሰለው ፍሬኑ ግን በቆመበት መሬቱን እየረገጠ አቧራ ያስነሣል። ከምእመናኑ ፈተናውን የሚያይ የለም።

«ረገጠ! ረገጠ!» ይላል ቀኙ።

«መሬት ነው የረገጠው! መኪናዋ አላወቀችውም!» ይላል ግራው።

የልብስ ሰፊዋ ወገኖች ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረዋል።

መኪናዋ ስትቆም ሰባኪው አልወረዱም። «አልፈዋል፣ አባት፤ ይልቀቁት» ይላል ፈታኙ። እሳቸው መሪውን ጨብጠው ቀርተዋል፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ነው ያላቀቁላቸው።

መምህሩ ገባ። ሜዳውን በደንብ ዞረ። በስፖኪዮ ወደ ኋላ ሲያይም ታየ። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ግን ሞተሩ ጠፋ። አስነሣ፤ ጠፋ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ከሩቅ ይታያል። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች፤ ቀስ እያለች፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ሄዳ የጎማው ክምር ውስጥ ተቀመጠች። ፈታኙ ባርኔጣውን አስተካክሎ ወረደ። መምህሩ ወደቀ።

ምእመናኑ ገና ሲጯጯሁ መምህሩ ቀጥ ብሎ ወደ ፍሬኑ መጣ። ጉንጩ ላይ የጎማ ጥላሸት አለ።

«ጸለይኩ፣ ጋሼ» አለ።

«ምን ብለህ?»

«ያዝልኝ ብዬ። በዕድሜዬ እንዲህ ብዬ ለምኜ አላውቅም። አፌ እንዴት እንዳመጣው አላውቅም።» መሬት መሬት አየ። «አልያዘልኝም።»

ሰባኪው ከኋላ መጥተው የመምህሩን ትከሻ ያዙ። ይህን ቀን ሲጠብቁ ነበር፤ አሁን ግን መሳቅ አልሆነላቸውም።

«እኔ ደግሞ ረሳሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ሞተር አስነሥቼ እስካቆም አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። እሱ ይነዳል ስል የኖርኩ ሰውዬ! ብቻዬን ነበርኩ። ስለ ፍሪሲዮን አረጋገጥ ብቻ ነበር የማስበው።»

ሁለቱ ሰዎች እንዲያ ተያይዘው ሲቆሙ የማሰልጠኛው ባለቤት ጫማዋን እያስጮኸች መጣች።

«ጋሼ፣ አንዱ አለፈ፣ አንዱ ወደቀ» አለች። «ምን ላድርግዎት እንግዲህ?»

«እኔም አላውቅ» አለ ፍሬኑ። የመኪናዋን ሁለተኛ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀምጦታል።

እሷ ቁልፉን አየች፣ መምህሩን አየች፣ ጎማ ውስጥ የተቀመጠችውን መኪናዋን አየች። «ይሄ ልጅ እንደገና እስኪፈተን ቁልፉ እርስዎ ጋ ይቆይ» አለች በመጨረሻ። «ካለፈ ወንበርዎ የርስዎ ነው።»

«ካላለፈስ?»

«ካላለፈማ ፈጣሪ ያውቃል።»

ከምእመናኑ ሦስት አራቱ በአንድ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ።

«ኧረ በቃችሁ! አነጋገሬ ነው!» ብላ ጮኸችባቸውና ሄደች።

በማግሥቱ ሰባኪው አልመጡም። በጸሎት ቤቱ መኪና የታመመ ሊጠይቁ ሄደዋል፤ በአንደኛ ማርሽ ከተማውን ሲያቋርጡ ያያቸው ሰው ሁሉ መንገድ ለቆላቸዋል። ምእመናኑም እሳቸውን ተከትለው በእግር ሄደዋል፤ በእግር መድረስ አያቅትም ነበርና። ሜዳው ባዶ ሆነ። በሩ ተዘጋ።

ፍሬኑ እንደወትሮው ከጎን ሊገባ ሲል መምህሩ በሩን ያዘው።

«ጋሼ፣ ከተቆጡኝ ይቅር። ግን አጠገቤ ከተቀመጡ እግርዎን ነው የማየው። ያ ሶል ቢኖርም ይረግጥልኝ ይሆን እላለሁ። አልችልም።»

«ታዲያ የት ልሁን?»

«ከኋላ።»

ፍሬኑ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም። ገባ። እግሩን ቢዘረጋው ምንም የለም፤ ባዶ ምንጣፍ ነው። የመምህሩ ማጅራት ብቻ ይታየዋል። ፊቱን አያየውም። ወንበሬን ላተርፍ ብዬ ወንበሬን ለቀቅኩ ብሎ አሰበ፤ መኪናዋ ግን ተነሥታለች።

«ጋሼ?»

«አቤት።»

«አሉ?»

«አለሁ።»

ሜዳውን ዞሩ። መምህሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ማንም የለም፣ ግን ነፋ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ? ፈርቼ ቁጭ ብያለሁ።»

«ለማን ፈርተው? ለወንበርዎ?»

ፍሬኑ እውነቱን ለመናገር ትንሽ አሰበ። «እስካሁን ለወንበሬም ነበር» አለ። «አሁን ላንተ ነው።»

መምህሩ አንድ ዙር ሙሉ ነዳ። መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ተነሣ።

«ይሄንን ስብከት ላይ ብናገረውስ?» አለ።

«ምኑን?»

«ከኋላችን ተቀምጦ እየፈራልን ነው ብል።»

«ያባርሩሃል።»

«ያባርሩኛል» አለ መምህሩ፤ ድምፁ ውስጥ ግን ሳቅ ነገር ነበረበት። «ግራውም ቀኙም አንድ ላይ ነው የሚያባርሩኝ። ቢያንስ በአንድ ነገር ይስማማሉ።» ማርሽ ቀነሰ። «ዳገቱ መጣ።»

ዳገቱ አጋማሽ ላይ እንደ ፈተናው መኪናዋን አቆመ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ነዳጅ ሰጠና ለቀቀው። ፍሬኑ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ በሁለት እጁ ጨመደደው፤ ቀኝ እግሩ ብድግ አለ፣ ባዶውን ምንጣፍ ፈለገ፣ ባዶውን ምንጣፍ አገኘ። ሞተሩ ሊጠፋ ተንቀጠቀጠ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ልትል ትንሽ አሰበች። ከዚያ አንድ ነገር ያዛት፤ ምን እንደያዛት ከኋላ ወንበር ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ድምፅዋ ወፈረ።

«ጋሼ?» አለ መምህሩ። «አዩልኝ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለ ፍሬኑ። «አንተ ንገረኝ። ወጣን?»

«ወጣን።»